«ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ

«ሰላም ለእርስዎ። ጅማ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም የምሠራ ነርስ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው ወር ለ34 የጽዳት ሠራተኞች ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና እንድሰጥ ታዘዝኩ። በፊት ከወሰድኩት የአሠልጣኞች ሥልጠና ያገኘሁት 72 ስላይድ ነበረኝ። እሱን ወደ አማርኛ መልሼ አቀረብኩ። ከፊት የተቀመጡት በጨዋነት ያዩኛል፣ ከኋላ ያሉት ያንቀላፋሉ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ስላይዱ ሲጠፋ የምለውም አብሮ ጠፋኝ። 20 ዓመት የሠሩ አንዲት እናት ‹ልጄ፣ ይሄንን እኮ እናውቀዋለን› ሲሉኝ በጣም አፈርኩ። ‹ገባችሁ?› ስል ሁሉም ‹አዎ› አሉ። መጨረሻ ላይም አጨበጨቡልኝ። በሳምንቱ ዋርድ ውስጥ ሳልፍ ግን ከሠልጣኞቹ አንዷ በረኪናውን ከጀሪካን ወደ ባልዲ በግምት ስትገለብጥ አየኋት። ስንት ለስንት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን ይጠብቀኛል፤ ግማሽ ቀን ተሰጥቶኛል። አንዳንዶቹ ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ ይቀናቸዋል። ማንበብ የማይችሉም አሉ። አለቃዬ ደግሞ ስላይዱ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝ ይፈልጋል። ንግግር የማይሆንላት ሰው አሠልጣኝ መሆን ትችላለች? ነርሷ፣ ከጅማ»

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ የጠየቅሽውን መጀመሪያ ልመልስ። አዎ፣ ትችያለሽ። ንግግር የማይሆንለት ሰው ጎበዝ አሠልጣኝ ሲሆን አይቻለሁ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው አዳራሹን አስቆና አስጨብጭቦ፣ ሠልጣኙ ግን ባዶ እጁን ሲበተንም አይቻለሁ። እንቅልፉ፣ መብራቱ፣ የድምፅሽ መንቀጥቀጥ ሁሉም መፍትሔ አላቸው፤ ወደ በኋላ እመጣባቸዋለሁ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ ያ በግምት የተሞላው ባልዲ ነው።

በነገራችን ላይ በሳምንቱ ዋርድ ገብተሽ ማየትሽ ሊመሰገን ይገባል። ብዙ አሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ካደለ በኋላ ዞር ብሎ አያይም። አንቺ አየሽ፣ ጠየቅሽ፣ አዘንሽ። ቀጣዩን ሥልጠና ስታዘጋጂ ከዚያ ባልዲ ተነሽና ወደ ኋላ ሂጂ። ሠልጣኞችሽ ከአዳራሹ ሲወጡ እጃቸው ምን መሥራት እንዲችል ትፈልጊያለሽ? ወረቀት ላይ ጻፊው። «ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ግንዛቤ ይጨብጣሉ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ግንዛቤ መጨበጣቸውን በዓይንሽ ልታዪው አትችይም። «እያንዳንዷ ሠራተኛ ማንም ሳይረዳት ከበረኪናው 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ ታዘጋጃለች» ብለሽ ጻፊ። ይሄ ይታያል። ወይ ትችላለች፣ ወይ ገና ነች።

ለግማሽ ቀን እንዲህ ያለ ሦስት ነገር ይበቃል። በአንቺ ቦታ ብሆን የምመርጣቸው እነዚህን ነው። የበረኪናው አበጣበጥ፣ ወለል ላይ ደም ሲፈስ ከጓንት ማጥለቅ እስከ መወልወል ያለው ቅደም ተከተል፣ መርፌና ስለታም ነገር የት እንደሚጣልና ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋቱ። ሌላው ይቅር። የባክቴሪያና የቫይረስ ልዩነት ይቅር። የኢንፌክሽን ሰንሰለቱ ባለ ስድስት ቀለበት ሥዕል ይቅር። የመመሪያው ታሪክም ይቅር። ይሄንን ስታነቢ ልብሽ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ለፍተሽ ነው የተማርሽው። ግን አንቺ ማወቅሽ የሚጠቅመው ሲጠይቁሽ ለመመለስ ነው። እነሱ ሁሉንም እንዲሸከሙት ስትፈልጊ አንዱንም ሳይዙ ይቀራሉ። ሂሳቡንም እዪው፤ 72 ስላይድ ለሦስት ሰዓት ሲካፈል ለአንዱ 2 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ያውም ጥያቄ ሳይጠየቅ፣ ሻይ ሳይጠጣ።

ትክክለኛ ነገር ማወቅና ማስተማር መቻል የተለያዩ መሆናቸውን ከአንቺ ሙያ የተሻለ የሚያሳይ የለም። የሃንጋሪ ተወላጁ ሐኪም ኢግናዝ ሰመልዌይስ በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ በአንድ ትልቅ የማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን መርምረው በቀጥታ እናቶችን ለማዋለድ ይገባሉ። እናቶቹ በወሊድ ትኩሳት ያልቃሉ። ሰመልዌይስ ሁሉም ሰው ከመግባቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠብ አደረገ። ከመቶ እናቶች 18 ያህሉን ይገድል የነበረው ትኩሳት በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ። አንቺ ባልዲ ውስጥ እንዲበጠበጥ የምትፈልጊው ያው ክሎሪን ነው። ሰውየው ትክክል ነበር፣ ማስረጃም ነበረው። የሙያ ባልደረቦቹን ማሳመን ግን አልቻለም። መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነው። ላልተቀበሉት ሐኪሞች የጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎችም ዘለፋ የበዛባቸው ነበሩ። በ1865 ሲሞት ሥራው ገና ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። በዚያ መካከል ስንት እናት እንደሞተች ማሰብ ያማል።

ይሄን ታሪክ ለሠልጣኞችሽም ንገሪያቸው፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በባልዲዋ የምትሠራው ሥራ ከሐኪሙ መድኃኒት እኩል ነፍስ እንደሚያድን ስትሰማ ቀና ብላ ትቀመጣለች። ይሄን የሚነግራቸው ሰው ብዙም የለም።

አሁን ወደ እኚያ እናት ልምጣ። «ልጄ፣ ይሄንን እኮ እናውቀዋለን» ሲሉሽ ያፈርሽበት ቦታ ላይ ሥልጠናሽ መጀመር ነበረበት። 20 ዓመት የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከአንቺ የማይሰማው፣ አንቺ ከእሳቸው የምትሰሚው። አዋቂ ሰው እንደ ባዶ ጀሪካን መቆጠር አይወድም። ስለዚህ ሳትናገሪ በፊት አሠሪያቸው።

እንዲህ አድርጊ። ከቤት ወፈር ያለ ሻይ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ በጀሪካን ይዘሽ ሂጂ። ሻዩ ለልምምዱ በረኪና ይሆናል። ሰዎቹን አምስት ስድስት ሆነው በቡድን አስቀምጫቸው። ለየቡድኑ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ጆግ፣ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ስጪ። «ነገ ጠዋት ዋርድ ስትገቡ እንደምታደርጉት አድርጋችሁ በጥብጡልኝ» በያቸው። ምንም አታርሚ። ሲጨርሱ ከየባልዲው ወደ ሃይላንዱ ይቅዱና ጠርሙሶቹ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ይደርደሩ። አንዱ ገርጣ ያለ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ መሐል ቤት ሆኖ ታያለሽ። ያኔ ዝም በይ። ይዩት። «ሁላችንም አንድ ቤት ነው የምንሠራው፤ ውሃችን ግን ለምን ተለያየ?» የሚለውን ጥያቄ እነሱ ራሳቸው ያነሱታል። ካላነሱት አንቺ ጠይቂ፤ መልሱን ግን አትስጪ።

ከዚህ በኋላ የምትናገሪው ነገር ሁሉ ይሰማል፤ ጥያቄው የእነሱ ሆኗልና። ምክንያቱን ባጭሩ ንገሪያቸው። ሲቀጥን ጀርሙን አይገድልም። ሲወፍር እጅ ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ብረቱን ይበላል፣ በረኪናውም ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ ልኩን አሳይ። የበረኪናው ጠርሙስ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈ 0.5 ለማግኘት አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። መለኪያው ጆግም ይሁን ጣሳ ለሁለቱም ያው አንድ ዕቃ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በረኪናውን በክዳን፣ ውሃውን በባልዲ ይለካል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ከሆነ ልኩም ይለወጣል፤ 3.5 ከሆነ ለአንድ እጅ በረኪና ስድስት እጅ ውሃ ነው። ይሄን ሂሳብ ግን ለእነሱ አትስጪያቸው። «ቁጥሩ ከተለወጠ ለእኔ አሳዩኝ» ማለት ይበቃል።

ስታሳዪ አራት ጊዜ ይደገም። ስኪል ላብ፣ ማለትም የክህሎት መለማመጃ ክፍል ውስጥ አንቺም ሳትማሪበት አልቀረሽም። መጀመሪያ ምንም ሳትናገሪ በተለመደው ፍጥነት ሥሪው። ሁለተኛ ቀስ ብለሽ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እያስረዳሽ። ሦስተኛ እነሱ ይንገሩሽ፣ አንቺ ያሉሽን ብቻ አድርጊ። ቢሳሳቱም የተሳሳቱትን አድርጊ፤ ሌላዋ ከመቀመጫዋ ሆና «አይ፣ ቆይ!» ትላለች፣ ይሄ የሥልጠናው ምርጥ ደቂቃ ነው። አራተኛ እነሱ እየተናገሩ እነሱ ይሥሩ። ሦስተኛዋን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። አትዝለያት፤ ማን ምን እንዳልያዘ የምታውቂው በእሷ ነው።

እኚያን እናት ደግሞ አራተኛው ላይ ወደ ፊት ጥሪያቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ያሳዩልን» በያቸው። በትክክል ከሠሩ ከአንቺ የበለጠ ይሰማሉ። ከተሳሳቱ በሰው ፊት እንዳያፍሩ አስቀድመሽ በሻይ ሰዓት ለብቻ አለማምጃቸው። በሥራ ቤት ሽማግሌ የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ከጎንሽ ከቆመ አንቺ በሌለሽበት ቀን ወጣቶቹን የሚያርመው እሱ ነው።

አሁን ስለ «ገባችሁ?»። ይሄን ጥያቄ ከአፍሽ አውጪው። ይሉኝታ ባለበት አገር ማን ነው በ33 ሰው ፊት «አልገባኝም» የሚል? አለመግባቱን የሚናገር ሰው አሠልጣኟን ያሳፈረ ይመስለዋል። ስለዚህ «አዎ» ይልሻል፤ ለአንቺ አዝኖ። ጭብጨባውም እንደዚያው ነው፤ ልጅ ናት፣ ለፍታለች ብለው ነው ያጨበጨቡልሽ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን መማራቸውን አያሳይም። በ«ገባችሁ?» ፋንታ መሥራት የሚጠይቅ ጥያቄ አምጪ። «አንድ ጣሳ በረኪና ይዣለሁ፤ ውሃው ስንት ጣሳ?» «ይሄ መርፌ የት ይገባል? ተነሽና ጣይው።» «ጎረቤታችሁ ዛሬ ቀርታለች፤ ነገ ስትመጣ ምን ብላችሁ ትነግሯታላችሁ? እስቲ ለአጠገባችሁ ንገሩ።» ጠይቀሽ ዝም ስትይ ዝምታው ይከብድሻል። ታገሽው። ሰው የሚያስበው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ቶሎ ብለሽ ራስሽ ከመለስሽ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልስልሽም፤ አንቺው እንደምትመልሺ ያውቃሉ።

እንዲህ ማስታወስን ማስገደድ ለማጣራት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ራሱ ማስተማሪያ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፍ አስጠኑ። ተማሪዎቹ አንዱን ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን በትንሹ አብልጠው አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አስታውሰው ከጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ያንቺ ሠልጣኞች በሥልጠናው ማብቂያ ላይ ያወቁ መስለው በሳምንቱ የጠፋባቸው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባሻል።

የአሠልጣኞች ሥልጠናው ስላይድሽ ውስጥ «ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ፣ ካየው 30 በመቶ ያስታውሳል» የሚል ፒራሚድ ካለ አውጪው። በየሥልጠናው ይታያል፤ ምንጩ የኤድጋር ዴል ሥዕል ነው ይባላል። ዴል በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥዕል ግን አንድም ፐርሰንት የለበትም። ቁጥሮቹን ሌሎች ናቸው የለጠፉበት። አሠልጣኝ ያላረጋገጠውን ቁጥር ማስተላለፍ የለበትም፤ ጤና ላይ ደግሞ ጭራሽ።

ከስላይዱ ምን ይቅር፣ ምን ይቆይ? ፎቶ ይቆይ። የእናንተው ዋርድ፣ የእናንተው ቢጫና ጥቁር ባልዲ፣ በትክክል የተዘጋና እስከ አፉ የሞላ ሴፍቲ ቦክስ ጎን ለጎን ሆነው። በሽተኛ እንዳይታይ ተጠንቀቂ። ጽሑፉ ግን ይቅር። ሪቻርድ ሜየር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙ ዓመት የሠራበት ነገር ነው። ሰው ሥዕል እያየ ሲነገረው የሚማረውን ያህል፣ ያው ንግግር በጽሑፍ ጭምር ስክሪን ላይ ሲደረደርለት አይማርም። ዓይኑ ያነባል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ያ ሁሉ ጽሑፍ «ይሄ ስፍራ ያንተ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ ነው። አሥር ፎቶ ካለሽ ይበቃል። አትመሽ በኤ3 ወረቀት ብትይዣቸው ፕሮጀክተር እንኳ አያስፈልግሽም። መብራት ይሄዳል፤ ጅማ ነው ያለነው። መብራት ሲሄድ የሚቆም ሥልጠና ሲጀመርም ደካማ ነበር ማለት ነው፤ የአንቺ አዲሱ ሥልጠና ግን ባልዲ፣ ጆግና ሻይ ነው የሚፈልገው።

ስለ ቋንቋው በጣም በጥንቃቄ አስቢበት። ከሁሉም በላይ ክብር የሚነካው እሱ ነው። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፈሽ የምትናገሪ ከሆነ ሁለቱንም እያፈራረቅሽ ሂጂ። ካልሆነ ከሠራተኞቹ መሐል ሁለቱንም የምትችል አንዲት ሠራተኛ ወይም ባልደረባሽን ከጎንሽ አቁሚ። ከአንድ ቀን በፊት አብራችሁ ተለማመዱ። አስተርጓሚ አትበያት፤ አብራሽ የምታሠለጥን ናት፤ ከፊት ከአንቺ እኩል ትቁም። በቡድን ሲሠሩ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ፤ «በአማርኛ አድርጉት» ብለሽ እንዳታቋርጪ። የመመሪያውን ቃል ትተሽ እነሱ በየቀኑ የሚጠሩበትን ቃል ያዢ። «ዲኮንታሚኔሽን» ከማለት «ደሙ ላይ አፍስሰሽ 10 ደቂቃ ቆዪ» ማለት ይሻላል። ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ግን ተቋማችሁ አሁን ከሚጠቀምበት መመሪያ ጋር አመሳክሪ፤ መመሪያ ይታደሳል፣ የድሮ ስላይድ አይታደስም።

ለማያነቡት ሌላም መላ አለ። የሥልጠናው ቀን ሲያልቅ ባልዲዎቹ ላይ በማይለቅ ቀለም ሁለት መስመር ይሰመር፤ በረኪናው እስከዚህ፣ ውሃው እስከዚህ። ይሄን ከኃላፊሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። እኔ ይሄን ከሥልጠናው እኩል እቆጥረዋለሁ። ሌላም የማነሳልሽ ነገር አለ፤ ያቺን በግምት ስትገለብጥ ያየሻትን ልጅ ለመውቀስ አትቸኩይ። ዋርዱ ውስጥ ጆግ ነበር? ብዙ ጊዜ ሰው የሚያውቀውን የማያደርገው ዕቃው ስለሌለ ነው። ጆግ በሌለበት ዋርድ አንድ ለዘጠኝ ብሎ ማስተማር ልፋት ነው። ሥልጠናው ሳይጀመር በየዋርዱ ዞረሽ እዪ፤ ጆግ፣ ጓንት፣ ሴፍቲ ቦክስ የጎደለበትን ጻፊና ለኃላፊሽ ስጪ። መማር የማይፈታውን ችግር ሥልጠና ላይ አትጫኚው።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ግማሹ ከላይ ባልኩሽ ነገር ይጠፋል። ሰዎቹ ባልዲ ይዘው ሲሠሩ ዓይናቸው አንቺ ላይ አይደለም። የቀረው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። እነሱን በቃልሽ ያዢ። ሌላውን አትሸምድጂ፤ ከተሸመደደው አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ባለፈው የደረሰብሽ ይሄው ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቆመሽ፣ ሥልጠናው በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ተለማመጂ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይባልም። «ብዙም አልተዘጋጀሁም»፣ «ልምድ የለኝም» ብለሽ አትጀምሪ። በስም ሰላም በያቸው፤ ካላወቅሽ ስማቸውን በር ላይ ጠይቂ። ጠዋት ቁርስ ብዪ። ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ቆም ብለሽ ውሃ ጠጪ፤ ለአንቺ ዘላለም የመሰለሽ ጊዜ ለእነሱ አፍታ ነው።

ስለ ክፍሉና ስለ ሰዓቱ። ወንበሮቹን በረድፍ አትደርድሪ፤ ግማሽ ክብ አድርጊያቸው፤ ከኋላ የሚያንቀላፋ ሰው እንዳይኖር ኋላ የሚባል ቦታ አይኑር። ክረምት ከሆነ ጠዋትን ምረጪ። ከሰዓት በኋላ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የማንም ድምፅ አይሰማም። ከጠዋቱ 2፡30 ተጀምሮ 6 ሰዓት ሳይሞላ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆነው ያደሩትን ግን አታስጠሪ፤ ሌላ ቀን ይሁንላቸው፤ ያንቀላፉት ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል። የመክፈቻ ንግግር ያለው ኃላፊ ካለ አምስት ደቂቃ እንዲሆን በትህትና ቀድመሽ ለምኝ፤ ምን እንዲል እንደምትፈልጊም ንገሪው፤ «ይሄ ሥራ ለእኔ አስፈላጊ ነው፤ ዕቃ ሲጎድል እኔን ጠይቁኝ» ቢል ከረጅም ንግግር ይበልጣል። አበል ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይነገር። ሰው ስለ አበሉ እያሰበ ስለ በረኪና አይሰማም፤ ኑሮ ነው፣ አይፈረድበትም። ቡናው ደግሞ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ይምጣ። ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተደረደሩ ቡና ሲጠጡ የሚያወሩት ስለዚያው ነው፤ ጠጋ ብለሽ አዳምጪ። በዋርድ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ችግር የምትሰሚው እዚያ ነው።

እዚህ ከተማ የጤና ሙያ መማር ጥሩ ስንቅ ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ተማሪው ኅብረተሰቡ ውስጥ ወጥቶ እየሠራ እንዲማር ታስቦ ነው፤ ዛሬ የሚገኝበት ጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይታወቃል። እዚያ ተምረሽ ቲቲፒ፣ ማለትም ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ወርደው የሚሠለጥኑበት መርሐ ግብር፣ ወጥተሽ ከነበር አስቢው፤ ከክፍል ውስጥ ትምህርት ይልቅ ገጠር ጤና ጣቢያ ሆነሽ በእጅሽ የሠራሽው ነው አብሮሽ ያለው። ለእነዚህ እናቶችም ያንኑ ዕድል ስጫቸው።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመለሽ፤ አንዴ በሳምንቱ፣ አንዴ በወሩ። ፈተና አታስመስይው። «እስቲ የዛሬውን አብረን እንበጥብጥ» ብለሽ ግቢ። በትክክል የሠራችውን በስሟ አመስግኛት፣ በባልደረቦቿ ፊት። ያልሆነላትን ለብቻዋ እንደገና አሳያት። የግምት ባልዲ ያየሽባት ልጅ ዘንድ መጀመሪያ ሂጂ፤ ለእሷ አዲሱን ቡድን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት አሥር ደቂቃ ይበቃታል።

አለቃሽ ለሚፈልገው ሪፖርት ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በጽሑፍ የሚሞላ ቅድመ ፈተናና ድኅረ ፈተና ለማያነብ ሰው አይሆንም። በእሱ ፋንታ በግራ በኩል የሠልጣኞቹ ስም፣ ከላይ ሦስቱ ሥራዎች ያሉበት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። በመጀመሪያው ልምምድ ማን በትክክል እንደሠራ ምልክት አድርጊ፤ በማብቂያው ላይ እንደገና፤ በሳምንቱ ዋርድ ውስጥ ስትሄጂ ሦስተኛ ጊዜ። ከዚህ ጋር አሥሩን ፎቶ እንደ ስላይድ፣ የጎደለውን የዕቃ ዝርዝር፣ የጠርሙሶቹን ፎቶ አያይዢ። አለቃሽ ስላይድ አገኘ፣ አንቺም ማን ምን እንደሚችል የሚናገር ወረቀት አገኘሽ። ሠንጠረዡን ስታዘጋጂ ችግር ከገጠመሽ ጻፊልኝ፤ አንዱን ናሙና በሚቀጥለው ዓምድ አወጣዋለሁ።